አረንጓዴ ፓርቲ በደብረ ወርቅ ቢወዳደር

ደብረ ወርቅ የምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደጀን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ ሞጣ የሚያቀናው መንገድ ያልፍባታል። በስተምዕራብ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ አገሩ እያዘቀዘቀ ሄዶ ዓባይ ሸለቆ ይገባል። በመካከል ያለው ገበሬ ጤፉንና ስንዴውን የሚያበቅለው ክረምት በመጣ ቁጥር ጥቂት በጥቂት እየተጠረገ በሚሄድ አፈር ላይ ነው። የጮቄ አናት ድሮ አስታ፣ ጅብራና ጓሳ ነበር፤ ዛሬ የገብስና የድንች እርሻ ከዓመት ዓመት ሽቅብ እየወጣበት ነው። ከታች ደግሞ ቦረቦሩ ማሳውን እየቆረሰ ይሰፋል። ይህን ለጎጃም ገበሬ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም፤ በየዓመቱ በገዛ ማሳው ላይ ያየዋል።

ታዲያ የአፈርን፣ የውኃንና የዛፍን ጉዳይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያነሣ፣ በሌላው ዓለም «አረንጓዴ ፓርቲ» የሚባለው ዓይነት ድርጅት እዚህ ለምርጫ ቢቀርብ ምን ይገጥመዋል? ከ1987 እስከ 2013 ዓ.ም. በተካሄዱት ስድስት አገር አቀፍ ምርጫዎች በዚህ ስም ተወዳድሮ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የገባ ሰው የለም። ቢሞከርም በመጀመሪያው ዙር ወንበር አያገኝም ባይ ነኝ። «ገበሬ የዕለት ጉርሱን እንጂ ተፈጥሮን አያስብም» የሚሉ ሰዎች ምክንያቱን በዚህ ይጨርሱታል፤ እኔ ግን አልቀበለውም። ዋናው ምክንያት ድምፅ ወደ ወንበር የሚለወጥበት መንገድ ነው። መንገዱን በቅጡ ለማየት ከሩቅ አገር ልጀምር። (የውጭውን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን እጽፋለሁ።)

አረንጓዴ ፓርቲ መጀመሪያ የታየው ሰው በሳሳበት ምድር ነው። በአውስትራሊያ ደቡብ ጫፍ የምትገኘው የታዝማኒያ ደሴት መንግሥት ለኤሌክትሪክ ኃይል ሲል ፔደር የተባለውን ሐይቅ በግድብ ውኃ ሊያሰጥመው ተነሣ። ይህን የተቃወሙ ሰዎች በ1972 «የተባበረው የታዝማኒያ ቡድን» ብለው ለምርጫ ቀረቡ። ከዓለም የመጀመሪያው አረንጓዴ ፓርቲ ተብሎ የሚቆጠረው ይህ ቡድን ነው። ወደ 4 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አገኙ፤ ወንበር ግን አላገኙም፤ ሐይቁም ሰጠመ። በ1989 የእነርሱን ፈለግ የተከተሉት 17 በመቶ ድምፅ አግኝተው ከ35ቱ መቀመጫዎች 5ቱን ያዙ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር በዝርዝር ሊነገር የሚገባው ነው። ታዝማኒያ በ5 የምርጫ ክልሎች ተከፍላ እያንዳንዱ ክልል 7 ተወካይ ይልክ ነበር። ሰባት ሰው በሚመረጥበት ቦታ አንድ ዕጩ ለማለፍ ከድምፁ 12.5 በመቶ ይበቃዋል። በ1998 ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ተስማምተው የየክልሉን ተወካይ ከ7 ወደ 5 ቀነሱት፤ ማለፊያውም ወደ 16.7 በመቶ ከፍ አለ። በዚያው ዓመት ምርጫ አረንጓዴዎቹ የጠፋባቸው ድምፅ አንድ በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ መቀመጫቸው ግን ከ4 ወደ 1 ወረደ። መራጩ አቋሙን እንዳለ ጠብቋል፤ የተለወጠው ድምፁ የሚሰፈርበት ቁና ነው።

የጀርመኖቹም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በዚያ አገር አንድ ፓርቲ 5 በመቶ ድምፅ ካገኘ በድምፁ ልክ ወንበር ይሰጠዋል፤ ይህ የተመጣጣኝ ውክልና ሥርዓት ይባላል። አረንጓዴዎቹ በ1983 5.6 በመቶ አግኝተው ፓርላማ ገቡ። በ1990 በምዕራቡ ክፍል 4.8 በመቶ ላይ ስለቆሙ እዚያ የነበራቸውን ወንበር በሙሉ አጡ። በዚያ ዓመት የምሥራቁ ድምፅ ለብቻ ይቆጠር ስለነበር በምሥራቅ ያሉት አጋሮቻቸው 8 ወንበር ይዘው ስሙን አቆዩት። ከስምንት ዓመት በኋላ ፓርቲው መንግሥት ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ሥርዓት እንምጣ፤ የእኛም ይኸው ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል የሚሆነው በአንድ የምርጫ ክልል ውስጥ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል አብላጫ ድምፅ ያገኘው ሰው ነው ይላል። ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም፤ ከሌሎቹ መብለጥ ብቻ ይበቃዋል። በምሳሌ እንየው። በአንድ የምርጫ ክልል 40,000 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። የመጀመሪያው ዕጩ 14,000፣ ሁለተኛው 13,000፣ አረንጓዴው 9,000 አገኘ፤ የቀረውን ሌሎች ተካፈሉት። ወንበሩ የመጀመሪያው ነው። የ9,000ዎቹ ድምፅ የትም አይደርስም። ይህ ፓርቲ በአማራ ክልል ባሉት 138 የምርጫ ክልሎች ሁሉ 9,000 ድምፅ ቢያገኝ ድምሩ 1,242,000 ይሆናል፤ ወንበሩ ግን ዜሮ ነው። በሁለት የምርጫ ክልሎች ብቻ 14,000፣ 14,000 ያገኘ ሌላ ፓርቲ በ28,000 ድምፅ ሁለት ተወካይ ይልካል።

ይህ የወረቀት ላይ ስሌት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1989 ለአውሮፓ ፓርላማ በተደረገው ምርጫ የብሪታንያ አረንጓዴዎች ከ2 ሚሊዮን በላይ፣ ማለትም 15 በመቶ የሚጠጋ ድምፅ አግኝተው አንድም መቀመጫ አልደረሳቸውም። ሥርዓቱ እንደ እኛው በአብላጫ ድምፅ ነበርና።

በአገራችንም የቅርብ ማስረጃ አለ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ስድስተኛው ምርጫ ይፋ ከሆኑት 436 መቀመጫዎች ብልፅግና 410ሩን ወሰደ። ተቃዋሚው ኢዜማ ከገዢው ፓርቲ ቀጥሎ ብዙ ዕጩ በየአካባቢው አቅርቦ 4 ወንበር አገኘ። በአንጻሩ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት፣ እንቅስቃሴው በአንድ ዞን የተወሰነ ፓርቲ፣ 2 ወንበር አገኘ። በሁለቱ ድርጅቶች መጠን መካከል ያለውን ርቀት ለሚያውቅ ሰው ይህ አስገራሚ ነው። የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄም (አብን) 5 ወንበሮቹን ያገኘው ደጋፊዎቹ ከተሰበሰቡበት ከአማራ ክልል ነው። በ2002 ዓ.ም. የነበረው ደግሞ ከዚህም የከረረ ነበር፤ ከ547 መቀመጫዎች ከኢሕአዴግና ከአጋሮቹ እጅ ያመለጡት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱን የተቃዋሚዎቹ ጥምረት የመድረክ ዕጩ ግርማ ሰይፉ በአዲስ አበባ፣ መርካቶ ባለበት የምርጫ ክልል፣ ሌላውን በግል የተወዳደሩት ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ በከፋ፣ ቦንጋ ላይ ወሰዱት። ሁለቱም ያሸነፉት በአንድ አካባቢ በተከማቸ ድምፅ ነው። አገሩን በሙሉ ያዳረሱት ትልልቅ ተቃዋሚዎች ግን ከዚች ከመድረክ አንድ ወንበር በቀር ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ጌዴኦን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዞኑ ቡናን፣ እንሰትንና አገር በቀል ዛፍን በአንድ ማሳ አብሮ የሚያሳድግ አስተራረስ ያለበት ነው፤ ዩኔስኮም በ2016 ዓ.ም. መግቢያ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። የጌዴኦ ፓርቲ ራሱን አረንጓዴ ብሎ አይጠራም፤ ቢሆንም አንድ ፓርቲ ዛፍና አፈር የኑሮው መሠረት በሆነበት አንድ አካባቢ ሥር ሰዶ ወንበር ማግኘት እንደሚችል ያሳየናል። ጎጃም ውስጥ አረንጓዴ ፓርቲ ላቋቁም ለሚል ሰው የመጀመሪያ ምክሬ ይህን ዞን ሄደህ አጥና የሚል ነው።

እንደ ታዝማኒያ ሰው በሳሳባቸው ክልሎቻችን ለአረንጓዴ ፓርቲ ይቀለው ይሆን የሚል ጥያቄም አለ። የምርጫ ክልል የሚከፈለው በሕዝብ ብዛት ስለሆነ ስፋት ወንበር አያመጣም። ጋምቤላ 3፣ አፋር 8 መቀመጫ ሲኖራቸው አማራ 138 አለው። አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦች ሕገ መንግሥቱ ከ20 የማያንስ መቀመጫ አስቀምጧል፤ ይህ ግን ለብሔረሰብ እንጂ ለአስተሳሰብ የተሰጠ አይደለም። ምሥራቅ ጎጃም በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ስለነበረው ሰው የሳሳበት ዞን ሊባል አይችልም። ይልቅ የሳሳው ፓርቲ ነው። ከደጋው እስከ ዓባይ ቆላ ድረስ በእያንዳንዱ የምርጫ ጣቢያ ኮሮጆ ሲከፈት አብሮ የሚቆም ወኪል ማቆም አነስተኛ ፓርቲን ከዘመቻው ይልቅ ያደክመዋል። ሕጉም ከበድ ይላል፤ በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000፣ ክልላዊ ለመሆን 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ።

እስካሁን ስለ ቆጠራ ነው የተነጋገርነው። ቆጠራው ቢስተካከልስ? እዚህ ላይ የጎረቤት አፍሪካውያንን ዕድል ማየት ይጠቅማል። የኬንያዋን ዋንጋሪ ማታይን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን መሥርታ ገጠር ሴቶችን ዛፍ በማስተከል የታወቀች፣ በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኘች ሴት ናት። የምርጫ ታሪኳ ግን ያን ያህል አይነገርም። በ2002 በትውልድ አካባቢዋ በቴቱ፣ አሸናፊው ትልቅ ጥምረት ውስጥ ሆና ስትወዳደር 98 በመቶ ድምፅ አገኘች። በማግስቱ ዓመት የማዚንጊራ አረንጓዴ ፓርቲን አቋቋመች። በ2007 የገዢው ወገን ዕጩነት ሲያመልጣት በራሷ አረንጓዴ ፓርቲ ስም በዚያው በቴቱ ተወዳደረች፤ ተሸነፈች። ሴትዮዋ ያችው ናት፤ አገሩም ያው ነው፤ በመካከል የዓለም ትልቁ ሽልማት ተጨምሮላታል። የቴቱ ገበሬ ዛፍ ጠልቶ አይመስለኝም። መንገድ፣ ክሊኒክና ማዳበሪያ የሚመጣው ከመንግሥት ጋር ከተሳሰረ ፓርቲ ነው ብሎ ያመነ መራጭ ድምፁን ለትንሽ ፓርቲ ለመስጠት ይቸገራል። ይህ ስሌት ለደብረ ወርቅ ሰውም እንግዳ አይደለም።

የሩዋንዳው ከባድ ነው። ፍራንክ ሃቢኔዛ የሚመሩት ዴሞክራሲያዊ አረንጓዴ ፓርቲ በ2009 ተመሠረተ፤ በ2010 ምክትል ሊቀመንበሩ አንድሬ ካግዋ ርዊሴሬካ ተገድለው ተገኙ፤ ሕጋዊ ምዝገባ ያገኘው በ2013 ነው። ሃቢኔዛ ለፕሬዚዳንትነት በ2017 ሲወዳደሩ 0.48 በመቶ፣ በ2024 ሲደግሙ 0.50 በመቶ ሆነ። በፓርላማው ምርጫ ግን ድምፅ በተመጣጣኝ ውክልና ስለሚከፋፈልና ማለፊያው 5 በመቶ ስለሆነ፣ ፓርቲያቸው በ2018ም በ2024ም ሁለት ሁለት ወንበር አገኘ። አንድ ሰው ብቻ የሚያሸንፍበት ውድድር ሲሆን ምንም፤ ወንበር በድምፅ ልክ ሲከፈል ትንሽም ቢሆን ድርሻ።

ወደ ጎጃም ልመለስ፤ በዚህ አገር መሬትን የሚነካ ፓርቲ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ታሪክ አለና። በ1960 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የእርሻ ገቢ ግብር ሲያውጅ ሞጣንና ብቸናን ጨምሮ የጎጃም ገበሬ ግምቱ ርስቴን የሚነጥቅ ልኬት ይሆናል ብሎ ተነሣ። ጦር ዘመተበት፤ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ አልበረደም። በመጨረሻ ጠቅላይ ግዛቱን ያስተዳድሩ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፉም ግብር ተማረ። በ1989 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲሸነሸን «ቢሮክራት» የተባሉ የደርግ ዘመን የቀበሌ ሹማምንትና የቀድሞ ባላባት ዘሮች መሬታቸው ተቀንሶ ለሌላ ተሰጠ። የዚያ ቅሬታ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ኮሮጆ ውስጥ ገብቷል ብዬ አምናለሁ። በዚያ ዕለት የጎጃም ገበሬ ብዙ ቦታ ከኢሕአዴግ የንብ ምልክት ይልቅ የተቃዋሚውን የቅንጅትን ሁለት ጣት መርጧል፤ ቅንጅትም በአገር አቀፍ ደረጃ 109 መቀመጫ አገኘ። ገበሬው ለመሬቱ ሲል ጦር የተጋፈጠና ድምፁንም የለወጠ ሰው ነው። ተፈጥሮን አያስብም ማለት ይህን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ስለዚህ አረንጓዴው ዕጩ ደብረ ወርቅ ገበያ ላይ ቆሞ «ባሕር ዛፍ አፈር ያደርቃል፤ ይነቀል» ቢል አንድ ድምፅ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም። ባሕር ዛፍ ለገበሬው የቤት ማገር፣ ማገዶና ልጅ ማስተማሪያ ገንዘብ ነው። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ግራር ተክለው ከሰል እያከሰሉ ኑሯቸውን የለወጡት ማንም አስገድዷቸው አይደለም። ለዛፍ ገበያ ሲኖረው ገበሬ ይተክላል፤ ባለቤትነቱን ሲጠራጠር ደግሞ ይቆርጣል። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ሲወድቅ በዘመቻ ደን የለበሱ ኮረብታዎች በብዙ ቦታ የተራቆቱት ገበሬው ደኑን የራሱ አድርጎ ስላልቆጠረው ነው። የሚያዋጣው ዕጩ ስለ ይዞታ ዋስትና፣ ስለ ቦረቦር ጥገና፣ በጮቄ አናት ላይ የሚያርሰው ሰው ሲለቅ ምን ካሳ እንደሚያገኝ፣ ከታች በውኃው የሚጠቀመው ደግሞ ምን እንደሚያዋጣ የሚናገር ነው።

ሌላም እንቅፋት አለበት። አጀንዳው በመንግሥት እጅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአረንጓዴ አሻራ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታወቀ። ከዚያም በፊት የአገሪቱ አረንጓዴ ድምፅ ከፓርቲ ሳይሆን ከመሥሪያ ቤት ነበር የሚወጣው፤ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ለአርሶ አደሩ የዘር ባለቤትነት በዓለም መድረክ ተሟግተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2000 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አግኝተዋል። እኒህን የመሰለ ሰው በማፍራታችን እኮራለሁ። ይሁን እንጂ መሥሪያ ቤት መንግሥትን በምክር ቤት ቆሞ አይጠይቅም። የተተከለው ስንቱ ጸደቀ? የተተከለው በማን ግጦሽ ላይ ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በአካባቢ ጉዳይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ሲል የእናርጅ እናውጋ ገበሬ መቼ ተጠየቀ? እነዚህን ጥያቄዎች በስሙ ተመርጦ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል።

በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ውስጥ፣ ያውም በገጠር፣ ይህ ሊሆን እንደሚችል ያሳዩት በቅርቡ የእንግሊዝ አረንጓዴዎች ናቸው። በ2024 ኃይላቸውን በአራት የምርጫ ክልሎች ላይ አሰባስበው አራቱንም አሸነፉ። ሁለቱ ከተማ ሲሆኑ ሌሎቹ ሁለቱ፣ ሰሜን ሄርፎርድሺርና ዌቭኒ ቫሊ፣ የእርሻ አገር ናቸው። በሄርፎርድሺር በኩል የዶሮ እርባታ ፍግ የበከላቸው ወንዞች ጉዳይ የሁሉ ሰው መነጋገሪያ ነበር፤ አረንጓዴዎቹም በዚያው በወንዙ ነገር ተነሡ። ዋናው ሥራ ግን ቀደም ብሎ፣ ታች በአካባቢ ምክር ቤት የተሠራ ነው። የዌቭኒ ቫሊ ከፊል በሚገኝበት በሚድ ሰፎክ ወረዳ በ2023 ከ34 የምክር ቤት መቀመጫዎች 24ቱን ይዘው ነበር። ሰዉ ቆሻሻ ሲሰበስቡ፣ በጀት ሲያወጡ ካያቸው በኋላ ነው ወደ ፓርላማ የላካቸው።

በእኛ አገር ይህ ታችኛው እርከን የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ነው። አንድ ትንሽ ፓርቲ በጮቄ ግርጌ በሚገኙ ጥቂት ቀበሌዎች ብቻ ተወዳድሮ፣ ቦረቦር አስጠግኖ፣ የወል ግጦሽን በመተዳደሪያ ደንብ አስጠብቆ ስሙን ሊያስመዘግብ የሚችለው እዚያ ነው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቹ ተቃዋሚዎችም አልተሳተፉበትም። ቀጣዩ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባ የነበረው ተራዘመ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት ምሥራቅ ጎጃምን ክፉኛ ጎድቷል፤ ገበሬው ስለ ምርጫ ከማሰቡ በፊት የሚያስበው ብዙ ነገር አለው። ሰላም ሲመጣ ስለ ምርጫ የሚነጋገሩ ሰዎች በቅድሚያ ሊጠይቁት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ፤ የእናርጅ እናውጋ ሰው የቀበሌ ምክር ቤቱን የሚመርጥበት ቀን መቼ ነው? ቆጠራውስ በአብላጫ ድምፅ ይቀጥላል ወይስ በድምፅ ልክ ይከፈላል?